ብርድ መታው ያልኩት ባትሪ

ሚስቴ ይህን አታውቅም። መጋቢያችንም አያውቁም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ምስክርነት ስሰጥ ስንቱን ኃጢአቴን ዘርዝሬ ስንቱን ሰው አስለቅሻለሁ፤ ይቺን ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለአንተ የምነግርህ ስለማላውቅህ ነው። የማውቀውን ሰው ሁሉ እጠረጥራለሁ። አንተም የሆሳዕና ሰው ከሆንክ፣ ሁለት መስመር እንዳነበብክ "ይሄማ እንትና ነው" ብለህ ስልክ እንደምታነሳ እጠረጥራለሁ። አንሳ። የፈራሁትን ያህል ጊዜ ፈርቻለሁ።

የመኪና ደላላ ነኝ። ቦታዬ መናኸሪያው አጠገብ ያለች ሻይ ቤት ናት። መኪና ከመሸጥ በፊት ግን ሌላ ነገር ነው የምሸጠው። ሰውየው ሊገዛ ያሰበውን እንዲጠረጥር አደርገዋለሁ፤ ከዚያ እኔ ያለኝን ራሱ ይጠይቀኛል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ተክኜበታለሁ ብል ውሸት አይሆንም።

ሥራችን ለረጅም ጊዜ ሞቶ ነበር። ዶላር ጠፋ፣ አስመጪው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፣ እኛም ሻይ እየጠጣን ወሬ ስናኝክ እንውል ነበር። ከዚያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ መኪና ከውጭ አይገባም አለ፤ የኤሌክትሪኩን ቀረጥ አቀለለ። ቀጥሎ የዶላር ዋጋ ለገበያ ተለቀቀና የመለዋወጫ ዋጋ ጠዋት የተባለው ከሰዓት የማይሠራ ሆነ። እኛ ጋ የነዳጅ መኪና መከልከሉን አምኖ የተቀበለ ሰው አልነበረም። ነገ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ ያለው ብዙ ነው። መብራት በየቀኑ እየጠፋ መኪና በመብራት ይሂድ ማለት ምን ማለት ነው የሚለውም ብዙ ነው። እውነትም ነበረበት። እኔን የተመቸኝ እውነት ስላለበት ነው።

እኔ ግን የማውቀው ሌላ ነበር። አዲስ አበባ ያሉት ደላሎች ሲደውሉልኝ ድምፃቸው ተቀይሯል። ገበያው ነፍስ ዘርቷል፣ ግን የዘራው በኤሌክትሪኩ በኩል ነው፤ አሮጌ የነዳጅ መኪና ካለህ ቶሎ የክፍለ ሀገር ሰው ላይ አራግፍ ይሉኝ ነበር። የክፍለ ሀገር ሰው እኔ ራሴ እንደሆንኩ ረስተውታል። እኔም ረሳሁት።

አንድ ሚኒባስ ነበረችኝ። በውክልና የገዛኋት ስለሆነ ስሜ የትም የለባትም። ቀለሟ ያምራል። ሞተሯ ግን ከአንዴም ሁለቴ ወርዶ የተገጣጠመ ነው፤ መካኒኩ ለሦስተኛ ጊዜ አትመለስብኝ ብሎኛል።

ታሪኩ የሚባል ሰው ወደ እኔ የመጣው በዚያን ሰሞን ነው። ታሪኩ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን፣ ጋሼ እያለ ነው የሚጠራኝ። እህቱ ታደለች ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። ሱቁ ተዘርፎባታል፣ በሰላም ያደረችበትን ሌሊት እየቆጠረች ነው የምትኖረው። ሐሳቧ አንድ ነበር፤ ያጠራቀመችው ገንዘብ መኪና ሆኖ ፎንቆና ዶዮገና መስመር ይሥራ፣ እንጀራ መሆኑ ሲረጋገጥ እሷ ጠቅልላ ትግባ። እናታቸው እማማ ወርቄ ደግሞ የልጃቸውን መምጣት ከመጠበቅ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ታሪኩ አልደበቀኝም፤ ወንድሙ አድርጎ ነው ያዋየኝ።

ስለ ኤሌክትሪክ ሚኒባስ ሰምቶ ነበር። ቀረጡ ቀላል ነው፣ ነዳጅ ሰልፍ የለውም፣ ማታ ቤት ይሰካል አለኝ። እውነቱን ነበር። ያን ጊዜ ሦስት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር፤ "ልክ ነህ፣ ግዛ" ብል ያልቅ ነበር። ምን አልኩ? "ተወው፣ የዶዮገና ብርድ ባትሪውን ይመታዋል፤ ብርድ የመታው ባትሪ ደግሞ አይድንም" አልኩት።

ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ሰው ብርድ ሲመታው እናውቃለን፣ ወገቡን ይዞ ይተኛል፤ ባትሪን ብርድ መታው ሲባል ግን እኔም የሰማሁት ከራሴ አፍ ነው። የበለጠ የሚያሳፍረኝን ልንገርህ። የተናገርኩት በሀዲይኛ ነው። አማርኛ የሥራ ቋንቋዬ ነው፣ ስንከራከር፣ ዋጋ ስንሰብር የምንናገረው እሱን ነው። ታሪኩም በአማርኛ የምናገረውን የደላላ ወሬ ብሎ ይመዝነው ነበር። ሀዲይኛ ግን የቤት ነው፤ በእሱ ተጠንቀቅ ያለህን ሰው አትጠረጥርም። ይህን አውቄ ነው ቋንቋ የቀየርኩት። ስቼ ነው እንዳልል ይህቺ ትይዘኛለች።

ታሪኩ ትንሽ አሰበና፣ "አዎ፣ ዶዮገና ደጋ ነው፣ ከፍታው ብዙ ነው" አለ። መምህር ነውና ለውሸቴ ከፍታ ሠራለት። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሹፌር ሻይ ቤታችን መጥቶ የዘመዱን የኤሌክትሪክ መኪና አንጋጫ መንገድ ላይ ብርድ መትቶት በገመድ ተጎትቶ እንደገባ፣ በዓይኑ እንዳየ አድርጎ ነገረኝ። እኔም ሰምቻለሁ አልኩት።

ሚኒባሷን ሸጥኩለት። ባለቤቷ አዲስ አበባ ያለ ሰው ነው አልኩት። ሞተሯ ወርዷል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ "ምን ነካህ፣ ያልወረደ ነው" አልኩ። ምን አለ ምላሴ ቢተሳሰር?

በማግስቱ እሁድ ከአምልኮ በኋላ መኪናዋ ተጸለየላት። ልማዳችን ነው፤ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ግቢ ውስጥ አቁሞ ሽማግሌዎችን ይጠራል፣ ቅርብ የሆነ ሰው ሁሉ እጁን ይጭናል። ታሪኩ እኔን ጎትቶ ከፊት አቆመኝ፣ ያገኘልን እሱ ነው እያለ። እጄን የሞተሯ ክዳን፣ ኮፈኑ ላይ ጫንኩ። እማማ ወርቄ ከጎኔ ነበሩ፣ በስልኩ ውስጥ ታደለች ታለቅሳለች። ጌታ ሆይ፣ ይቺ መኪና ልጃችንን ታምጣልን ተብሎ ተጸለየ። ከሁሉም ሰው በላይ ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

ጥቂት ወራት ሠራች። ከዚያ ጭስ ጀመራት፣ ዘይት መጠጣት ጀመረች፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይ መዋል ጀመረች። ሞተሯ ሲከፈት ዕቃው የለም፤ ሲገኝ ደግሞ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ታሪኩ ምክር ሊጠይቅ የመጣው ወደ እኔው ነው። እኔም ሹፌርህን ጠርጥረው አልኩት። ያ ምስኪን ያጠፋው ነገር አልነበረም። ታሪኩ አሰናበተው። ከዚያ መካኒኩን ጠረጠረ፣ ከዚያ መንግሥትን፣ ይህን ሁሉ ያመጣው የነዳጅ መኪና የከለከለው አዋጅ ነው እያለ። እኔም አብሬው አዋጁን ረገምኩ። አዋጁ ያመጣብን ችግር እንዳለ አልክድም። ታሪኩን የሸጠው ግን አዋጁ አይደለም። እኔ ነኝ የሸጥኩት። እኔ፣ በዚህ ምላሴ።

መኪናዋ ታሪኩ ጓሮ እንሰቱ ሥር ቆማ ቀረች። እኔ ወደ ኤሌክትሪኩ ዞርኩ። ከተማውም ሲለምደው ደላላው እኔው ሆንኩ፤ የብርዱን ነገር የሚያነሳብኝ ካለ "አዲሶቹ ብርድ ይችላሉ" እላለሁ። ሰው ይስቃል። ታሪኩ ግን አንድ ቀን ይህን ስል አጠገቤ ነበር፣ አልሳቀም። ሻዩን ጠጥቶ ከፍሎ ሄደ። የእኔንም ከፈለ። ለምን ከፈለ? ይኸው እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።

ታደለች መምጣቷን አራዘመች። በባዶ እጄ ገብቼ ማን ላይ ልውደቅ አለች። እማማ ወርቄ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር በር ላይ ይወጡ ነበር ይባላል። ባለፈው ክረምት አረፉ።

ድንኳኑን ከተከሉት አንዱ ነኝ። ቀብር ላይ ታሪኩ እያለቀሰ መያዝ ስላቃተው ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ፣ ለታደለች አሳያት ብሎ። ያዝኩ። የመኪናዋን ኮፈን የነካሁበት ያው እጄ ነው። ሳጥኑ ሲወርድ አሳየኋት፣ አፈሩ ሲመለስ አሳየኋት። እንደዚያ እያለቀሰች "ጋሼ፣ እጅህ ደከመ" አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ድምፅ ከጆሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

ያውቃሉ? አያውቁም? ታሪኩ ሰላም ሲለኝ እጄን ቆየት አድርጎ ከያዘኝ ያውቃል እላለሁ፤ ቶሎ ከለቀቀኝም ያውቃል እላለሁ። የተሰናበተው ሹፌር አሁን ባጃጅ ይነዳል፤ ባየኝ ቁጥር ጥሩምባ ይነፋል፣ ሰላምታ ይሁን ስድብ አልለየሁም። ከተማውን ሁሉ መጠርጠር ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ አንድም ሰው ግን እኔን ጠርጥሮ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ታደለች የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፣ በሀዲይኛ። እንደገና ትንሽ አጠራቅማለች። አሁን የኤሌክትሪኩ ጊዜ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው ወይስ ነገ ይቀይሩታል? ለሌላ ሰው አልናገርም፣ አንተ ያልከኝን እገዛለሁ፣ እናቴን ያሳየኸኝ አንተ ነህ አለች። ደጋግሜ አዳመጥኩት። እያጠመደችኝ ነው ወይ ብዬም ድምጿን መረመርኩ። እንዲህ ሆኛለሁ።

መልስ ልጽፍላት ተቀመጥኩ። እምልልሃለሁ፣ እውነቱን ልነግራት ነበር የተቀመጥኩት። ጣቴ የጻፈው የመጀመሪያ ነገር ግን "ከሌሎች ደላሎች ተጠንቀቂ" የሚል ነው። አየሁት። ምንም ሳላስብ ነው የወጣው፣ እንደ ሰላምታ። አጠፋሁትና ይህንን መጻፍ ጀመርኩ።

ይቅር በዪኝ አልልሽም ታደለች። ይቅር ማለት ደግ ነገር ነው፣ ከአንቺ ደግሞ ሌላ ነገር ለመውሰድ ፊት የለኝም። ታሪኩን መኪናዋ የማን እንደነበረች ጠይቂው፤ የእኔ እንደነበረች ከነገረሽ ያውቅ ነበር ማለት ነው፣ ካልነገረሽም ይህንን አንብቢለት። ስለ ባትሪው ከሆነ፣ ብርድ አይመታውም። ተጠንቀቂ ያልኩት ቃል እውነት ነበር፤ የተሳሳትኩት ከማን የሚለው ላይ ነው። ከእኔ ነው።