ተልባ ለዘፋኙ

ሰው የሚወደውን ዘፋኝ ሲጠይቁት የዘፈኖቹን ስም በኩራት ይዘረዝራል። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ከምንም አስበልጬ የምወዳቸውን ዘፈኖች ትክክለኛ ስማቸውን ያወቅኩት በቅርቡ፣ ሽበት ከጀመረኝ በኋላ ነው። ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ለሳሚ የመጀመሪያው «ወፍጮው» ነበር፤ ሁለተኛው «አስታራቂው»፤ ሦስተኛው ደግሞ «የእማዬ»። ዘፋኙ ፈረንጅ ነው። ጸጉሩ እስከ ወገቡ የወረደ፣ ሲዘፍን እንደተጣላ ሰው የሚጮህ፣ ሄቪ ሜታል የሚባለውን ሙዚቃ የሚጫወት። ተክለ ሃይማኖት ጀርባ በነበረችው አንድ ክፍል ቤታችን ውስጥ ግን እንደ ሩቅ ዘመድ ነበር የምናየው።

ካሴቱን ሳሚ ያገኘው መርካቶ ውስጥ ሸራ ዘርግተው ገበያ ያጣ ካሴት ከሚቸረችሩ ልጆች ነው። ሽፋኑ ፎቶ ኮፒ፣ ያውም የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ስለነበር ጽሑፉ ጠፍቶ የሰውዬው ፊትና ጸጉር ብቻ ቀርቷል። እማዬ መጀመሪያ ያየችው ጊዜ ባህታዊ መስሏት «የት ገዳም ናቸው?» ብላ በአክብሮት ጠየቀችን። ሳሚ ዘፋኝ መሆኑን ሲነግራት አላመነችም፤ ዘፈኑን ስትሰማ ደግሞ ጭራሽ አላመነችም።

ወፍጮውን እንዲያ ያልነው ጊታሩ ሲነሳ በርበሬ የሚፈጭበት ወፍጮ ቤት የገባን ስለሚመስለን ነው። እሱ ሲከፈት ቁም ሳጥኑ ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ። አስታራቂው ቀስ ያለ፣ ልብ የሚበላ ዘፈን ነበር። በብይም በቆርኪም እየተጣላን ስንኮራረፍ ሳሚ ሞቶ ይቅርታ አይልም፤ ዝም ብሎ ሄዶ አስታራቂውን ይከፍታል፣ እኔም ይገባኛል። እንግሊዝኛው ባይገባንም አንድ ቦታ ላይ «ወይኔ ወንድሜ» ይላል ብዬ እምል ነበር። ሳሚ ደግሞ «ወይኔ ወገቤ» ነው የሚለው ብሎ ድርቅ ይላል። በዚህም ተጣልተን እናውቃለን።

እማዬ በርበሬ በረንዳ ዛላ በርበሬ ትሸጥ ነበር። እዚያ የሚውል ሰው ጉሮሮ ውስጥ የበርበሬው ብናኝ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሴቱም ወንዱም ድምፁ ሻካራ ነው። እንግዳ ሰው ሲሰማቸው የተጣሉ ይመስለዋል፤ እነሱ ግን ሰላም እየተባባሉ ነው። እማዬ ስትመጣ ከእሷ ቀድሞ ሽታዋ ይገባል፤ ካስነጠሰን ደርሳለች ማለት ነው። ጣቶቿ ስለሚያቃጥሉ ፊታችንን በእጇ አትነካም፤ እንባችንንም ንፍጣችንንም የምትጠርገው በክንዷ ነበር። አባዬ ሸማ ተራ ልብስ ሰፊ ስለነበረና ከእሷ ቀድሞ ስለሚገባ ተልባ ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ በጥብጦ፣ ማር ጠብ አድርጎበት ይጠብቃታል። ብዙ የማይናገር ሰው ነበር፤ ለሚስቱ ያለው ሁሉ እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ነበር። እሷም ጠጥታ ጉሮሮዋ ሲለሰልስላት ነው ስለ ውሎዋ ማውራት የምትጀምረው።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ያንን ዘፋኝ ስትሰማ ምን ትበል? ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ የሰይጣን ጩኸት ነው ብለው ሲያማትቡ እማዬ አዘነችለት። «ይሄማ የኛ በረንዳ ልጅ ነው፤ በርበሬ አንቆት ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ካሴቱን ዝጉ ብላን አታውቅም።

ሳሚ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ራሱም ዘፋኝ መሆን አማረው። ቴፓችን ቀዩን ቁልፍ ከመክፈቻው ጋር አብረው ሲጫኑት ድምፅ ይቀርጻል። በሦስተኛው ዘፈን መሃል ሰውዬው ዝም ብሎ ጊታሩ ብቻውን የሚጮህበት ቦታ አለ፤ ሳሚ እዚያች ባዶ ቦታ ላይ የራሱን ድምፅ ሊያስገባ አሰበ። እኔን ዝም አሰኝቶ፣ ቁልፎቹን ተጭኖ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። አፉን ከመክፈቱ እማዬ በሩን ገፍታ ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስተኛው ዘፈን እንዲህ ሆነ። ሰውዬው ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ ድንገት ቀጭ ይላል። ሳሚ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ በሩ ሲጢጥ ይላል፤ ቀጥሎ እማዬ በዚያ ሻካራ ድምፅዋ «ኧረ ለዚህ ልጅ ተልባ የሚበጠብጥለት ሰው የለውም?» ትላለች። ወዲያው ታስነጥሳለች። እኔ «ይማርሽ» እላለሁ፤ እሷ «ያኑርሽ» ትላለች። ደግሞ ቀጭ ይልና ሰውዬው ካቆመበት ይቀጥላል። ሳሚ ዘፈኑ ተበላሸ ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈ። እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ ካሴት ውስጥ ገብቻለሁ።

እማዬ የታመመችው በክረምቱ መሃል ነው። አልጋ ላይ ብዙም አልቆየችም፤ መስቀል ሳይደርስ አረፈች። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ድምፅዋ እንደ ማር የሚጣፍጥ ነበር እያሉ ሙሾ አወረዱ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? እኔ ግን ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ ተናደድኩ። የእማዬ ድምፅ ማር አልነበረም፤ ሻካራ ነበር፤ እኔም የናፈቀኝ ሻካራው ነው።

በሰፈራችን ሐዘን ያለበት ቤት ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ዘፈን አይከፈትም። ቴፑም ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ለእኛ ግን የእናታችን ድምፅ ያለው ዘፈኑ ውስጥ ነው። እሷን ሰምተን ለማልቀስ መጀመሪያ ዘፈን መክፈት ነበረብን። ከትምህርት ቤት እንደመጣን አባዬ ከሸማ ተራ እስኪመለስ ባለችው ጊዜ ቴፑን ጋቢ ውስጥ ይዘን እንገባና ድምፁን ቀንሰን ያቺን ቦታ እንፈልጋለን። ስታስነጥስ ሁለታችንም «ይማርሽ» እንላለን። «ያኑርሽ» ትላለች። መልሰን እናጠነጥናለን።

አንዳንዴ ቦታውን ስተን የሰውዬው ጩኸት ከጋቢው ያመልጣል። ግድግዳችን ጭቃ ነበርና እትዬ ሙሉ ሰሙ። አባዬን በር ላይ ጠብቀው «ጋሼ ተሰማ፣ የእናታቸው መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ እነዚህ ልጆች ዘፈን ከፍተው ይውላሉ፤ ሰው ምን ይላል?» አሉት። አባዬ «ልጆች ናቸው፣ እትዬ ሙሉ» ብሎ ገባ። አልተቆጣንም፤ ምንም አልጠየቀንም። ተልባውን እንደ ድሮው ቆልቶ ወቅጦ በጠበጠና ለእኔና ለሳሚ ሰጠን። ጠጪዋ ከሄደችም በኋላ ያንን ሥራ ቶሎ አልተወውም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ ስመለስ አባዬን ቤት አገኘሁት። በሥራ ሰዓት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ የቴፑ ጥቁር ጨርቅ ተጣጥፎ ጉልበቱ ላይ ነው። ሲያየኝ ብድግ ብሎ አቧራ እየጠረግሁ ነው አለኝ። እኔም አመንኩት።

አንዲት ቦታ እየመላለሱ ማጫወት ካሴት ይጎዳል። ሙት ዓመቷ ሊደርስ ሲል ቴፑ ካሴቱን በላው። ሳሚ ክሩን በትዕግሥት አውጥቶ በእስክሪብቶ ቢያጠነጥነውም የሦስተኛው ዘፈን መጀመሪያ ተጨማድዶ የሰከረ ሰው ድምፅ ሆነ። የእማዬ ቦታ ግን ደህና ነበር። እኛ እሱ ይበቃናል። የሙት ዓመቷ ተዝካር በወጣ ማግስት አባዬ ጥቁሩን ጨርቅ አነሳ፤ ካሴቱንም አውጥቶ በወረቀት ጠቀለለና «አስተካክዬላችሁ እመጣለሁ» ብሎ ኮቱ ኪስ ከተተው። በሕይወቱ ሙዚቃ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ለእኛ ሲል ሊገባ ነው። ሳሚ ደስ ብሎት እስከ መንገዱ ሸኘው።

ሲመለስ ካሴቱ አዲስ መያዣ ውስጥ ነበር። አባዬ ራሱ ቴፑ ውስጥ አስገብቶ ራሱ ከፈተው። ዘፈኑ ጥርት ብሎ ወጣ፤ መጀመሪያው ላይ እንከን የለውም። ሰውዬው ጮኸ፣ ጮኸ፣ ያቺ ቦታ ደረሰች። እኔ «ይማርሽ» አፌ ላይ ነበር። ቀጭ አላለም። ጊታሩ መጣ። ረጅም ነበር፤ ምናልባትም በጣም ቆንጆ ነበር። ቀድቶ የሰጠው ልጅ የተጎዳውን ብቻ ከመጠገን ይልቅ ከሌላ ካሴት ላይ ከዳር እስከ ዳር አዲስ ገልብጦበታል። እማዬ የለችም።

ሳሚ እግሬን ረገጠኝ። አባዬ ከላያችን ቆሞ «ተስተካከለ?» አለ። ሳሚ «ተስተካክሏል አባዬ፣ እግዜር ይስጥልን» ብሎ መለሰ። እኔም እግዜር ይስጥልን አልኩ። አባዬ ብርጭቆዎቹን ይዞ ሊያጥብ ወደ ቧንቧው ወጣና ብዙ ቆየ። ሳሚ ጆሮዬ ላይ፣ አባዬ ድምፅዋ እንደነበረበት አያውቅም፣ ከነገርነው በጸጸት ይሞታል አለኝ። ስለዚህ አልነገርነውም። ማልቀስ ሲያምረኝ መጸዳጃ ቤት እየገባሁ አለቀስኩ። ሳሚም ዘፋኝ መሆኑ ቀረበት።

ዓመታት አለፉ። ሸራ የሚዘረጋበት መሬት ላይ ፎቅ ቆመ። ሳሚ አሁን እዚያው መርካቶ የስልክ ዕቃ ይሸጣል፤ አባዬ ዓይኑ ሲደክም ስፌቱን ትቶ እኔ ጋ ይኖራል። ባለፈው እሁድ ሳሚ ሊጠይቀን መጥቶ ስልኩን እየነካካ «ሰውዬአችንን አገኘሁት» አለኝ። ዘፈኖቹ ሁሉ ከነስማቸው አሉ። የወፍጮው ስም ከወፍጮ ጋር ምንም አይገናኝም። ግጥሙም ተጽፏል፤ አስታራቂው ውስጥ ወንድሜም ወገቤም የሚል ቃል የለም። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ስቀን አናውቅም። ዘፋኙ አርጅቷል፤ ያ ጸጉር ሳስቶ ነጥቷል፣ መድረክ ላይ ወንበር ተደርጎለት ተቀምጦ ይዘፍናል።

ሳሚ በሳቁ መሃል ሦስተኛውን ዘፈን ከፈተው። ከዚያች ቀን ወዲህ ሁለታችንም ሰምተነው አናውቅም። አባዬ ጋቢውን ተከናንቦ ዓይኑን ጨፍኗል፤ የተኛ መስሎን እኛ ወሬያችንን ቀጠልን። ያቺ ቦታ ልትደርስ ስትል ግን እጁን አነሳ። «ዝም በሉ እስቲ» አለ።

ጊታሩ መጣ። አባዬ ጊታሩ እስኪያልቅ እጁን እንዳነሳ ቆየ፤ ከዚያ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

«መሃሉን አትንካብኝ ብዬው ነበር» አለ። «ያንን የካሴት ልጅ። መጀመሪያውን ብቻ ነው አስተካክል ያልኩት።»

ሳሚ ስልኩን የዘጋው መሰለኝ፤ አላስታውስም። «እኛ እኮ አታውቅም ብለን ነው፣ አባዬ» ስል ድምፄ እንደ በርበሬ በረንዳ ሰው ሻከረብኝ።

«እኔም እግዜር ይስጥልን ስትሉኝ ጊዜ፣ ለካ የሚወዱት ዘፈኑን ነው ብዬ ተጽናናሁ» አለ።

ያ ሁሉ ዓመት አንድ ጣራ ሥር ሆነን ለአንድ ሰው ለየብቻ ስናለቅስ ኖረናል። አባዬ እጁን ወደ ሳሚ ስልክ ዘረጋ፤ ሽማግሌውን ዘፋኝ ቀረብ አድርጎ ብዙ አየው። ከዚያ ቃል ሳያጓድል፣ «ኧረ» የምትለዋን እንኳ እንደ እሷ ጎተት አድርጎ፣ «ኧረ ለዚህ ልጅ ተልባ የሚበጠብጥለት ሰው የለውም?» አለ።

ያኔ አንድ ካሴት ነበረን፤ በውስጡም አንድ አረፍተ ነገር፤ ጋቢ ተከናንበን እንጠብቀው ነበር። ዛሬ ስልኬ በልጆቼ ድምፅ ተሞልቷል፤ ሲስቁ፣ ሲያለቅሱ፣ ሲያስነጥሱ፤ መልሼ የምሰማበት ጊዜ የለኝም። ሦስተኛውን ዘፈን ግን ከእሁድ ወዲህ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ምንም ሳይጎድለው፣ ከዳር እስከ ዳር ሙሉውን። ጊታሩ ሲጀምር «ይማርሽ» እላለሁ። «ያኑርሽ» የሚለኝ ግን የለም።