የአባዬ ሰፊ ሌንስ

ዛሬ ከአዲስ አበባ ታጥቦ የመጣልኝን ፎቶ ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩ።

አባዬ ሚዛን ከተማ ፎቶ አንሺ ነበር። ሲሞት፣ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ በአንዴ የሚያስገባበትን አሮጌ ሰፊ ሌንሱን እኔ ወረስኩ። ካሜራዬ ላይ አልገጥም ቢለኝ ጎረቤት አማን ከተማ ካለ ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት ማያያዣ ቀለበት አስቀረጽኩለት። ለጋብቻ ቀለበቴም እንዲህ አልተንከራተትኩ።

ተዝካሩ ላይ ቤተሰቡን አነሳሁ። የካሜራዬ መመልከቻ ለጠባብ ሌንስ የተሠራ ስለሆነ የሚታየው መሃሉ ብቻ ነው፤ ሌንሱ የሚይዘው ዳር አይታይም።

ፎቶው ዳር ላይ፣ በእናቴና በአጎቴ መካከል፣ አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍተት አለ። አባዬ በራሱ እንዲያነሳ የካሜራውን ሰዓት ሞልቶ እየሮጠ ይገባበት የነበረው ቦታ ነው።

እናቴ ክፍተቱን በጣቷ ነካችው። «ሳይታወቀኝ ጠጋ ብዬለታለሁ» አለች።

እናንተስ፣ ቤታችሁ ፎቶ ስትነሱ ለማን ጠጋ ትላላችሁ?