የስቶይና ንፍሮ

ያንን ድንጋይ እዩት። በሎምኒጻ መንደር አደባባይ መሀል የቆመውን፣ ለሐውልት ተጠርቦ ሐውልት ያልወጣበትን። ግንባሩ ላይ የተለጠፈው የሙት ፎቶግራፍ የዲምቾ ነው። እዚያ አገር የሙት ምስል በየበሩና በየምሰሶው ይለጠፋል፤ ዝናብ እንጂ ሰው አይቀደውም።

ዲምቾ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር፣ የስቶይና ባል። የዚያችው መንደር ተወላጅ ካሜን ድራጎኔቭ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ወንበሩ ላይ ሲያረጅ፣ የማዕድን ተቆጣጣሪዎቹን ትርፍ አፍ ናቸው ብሎ አሰናበታቸው። ጉድጓዱ በጋዝ ፈነዳ። ዲምቾና ስምንት ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። ሰውዬው በቴሌቪዥን ብቅ ብሎ፣ ጥፋቱ የዲምቾ ሲጋራ ነው አለ። ዲምቾ እኮ የሲጋራ ሽታ እንኳ ያስለው ነበር! ግን ማን ይስማ? የሟቾቹ ሚስቶች ስቶይናን ሰላምታ ነፈጓት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቧ የሚቆም ጠፋ።

ካሜንስ? ውጭ አገር ተሾመ። የዓለም ሠራተኞች ደኅንነት ጠባቂ ተባለ። ሥጋ ለጅብ አደራ ማለት ይህ ነው።

ስቶይና ቂሟን እንደ እርሾ ከዓመት ዓመት አሻገረችው። ቄሱ ለእግዜር ተይው ቢሏት፣ "እግዜር ሥራ ይበዛበታል አባቴ፤ ይሄን እኔ ልያዝለት" አለቻቸው።

ዘንድሮ ሰውዬው የራሱን ሐውልት ሊመርቅ መጣ። ልጃገረዶች በአገሩ የእንግዳ ወግ ዳቦና ጨው አቀረቡለት፤ ቆርሶ ቀመሰ። ቀጥላ ስቶይና ቆማለች፣ ጥቁር ለብሳ፣ ስኳር የተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ ይዛ። የውጭ አገር ግብዣ አገሩን አስረስቶታልና የአቀባበሉ ድግስ መሰለው። አንድ ማንኪያ ጎረሰና ወደ ካሜራው ፈገግ አለ።

"ዓመት ዓመት ያድርሰን፣ እማማ!"

በሙት ንፍሮ ላይ! ያን የሚቀምስ ሰው የሟቹን ስም ጠርቶ ነፍስ ይማር ነው የሚለው።

"የዲምቾ ነው፣ ካሜንቾ" አለች ስቶይና በልጅነት ስሙ ጠርታው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። "አላጨሰም፣ ነፍሱን ይማር በልና ዋጠው።"

ሰውዬው ጉንጩ እንደተነፋ ቀረ። ቢውጥ መዋሸቱን ማመን ነው፤ ቢተፋ ነውር ነው። አጃቢዎቹን አየ፣ ካሜራውን አየ። መጨረሻ ላይ መሐረብ አውጥቶ ተፋው።

ፔና፣ ባሏ ከዲምቾ ጋር የሞተባት፣ ያን ሁሉ ዓመት ፊቷን ያዞረችባት ፔና፣ ከሰው መሀል ወጣች። "የሙት ምግብ የሚተፋ ስለ ሙት እውነት ይናገራል?" አለች። ከስቶይና እጅ ዘገነች። "ዲምቾ፣ ነፍስህን ይማር። ስቶይናዬ፣ እኛንም ይቅር በይን።" ሌሎቹም ተከተሉ። ሰውዬው መኪናው ውስጥ ገባ፤ ሐውልቱም ሳይገለጥ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ።

ስቶይና ሴቶቹን ይቅር አለች። እሱን ግን አላለችም፤ አትልምም። በማግስቱ የዲምቾን ፎቶግራፍ ድንጋዩ ላይ ለጠፈች።

በዚያ ካለፋችሁ አትቅደዱት። ቆም በሉና የዲምቾን ስም ጮክ ብላችሁ ጥሩልኝ፤ ያ ሰው ባለበት ወንበሩ እስኪጎረብጠው።