የጠፋው ሾፌር ስኮርት ጎማ

ጠና ሎምቤቦን ሆሳዕና ውስጥ መሪ የጨበጠ ሁሉ ያውቀዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአጥቢያውን አሮጌ ላንድ ክሩዘር ነድቷል። የአንጋጫን ጭቃ በነሐሴ ወጥቷል፣ ከዱራሜ ገጠር ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ሐኪም ቤት አድርሷል፣ የሦስት መጋቢዎችን ፍራሽና ቁም ሣጥን ከቤት ቤት አመላልሷል። ይኼ ሁሉ ድካም ግን ውኃ በልቶት ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጠና የሚታወቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመጥፋቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የወንጌል ቡድን ጭኖ ከሳውላ ወዲያ ወዳለው ቆላ ወረደ። ከአንዲት ትንሽ መንደር አጠገብ ሲደርሱ ቺንጊያው፣ ያ የሞተሩን ማራገቢያ የሚያዞረው ላስቲክ፣ ተበጠሰ። ትርፍ አልነበረም። ጠና ከጉዞው በፊት አስፈላጊ ዕቃ ብሎ ጽፎት ኮሚቴው ሰርዞበታል። ሞተሩ እንደ ሽሮ ተንተከተከና ቆሙ። ቡድኑ ግራር ሥር ተንበርክኮ ጸሎት ያዘ። ጠናም አብሮ ጸለየ፤ ሲጨርስ አቧራውን ከጉልበቱ አራገፈና “ኔትወርክ ልፈልግ” ብሎ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ መጣና ጎትቶ አወጣቸው። እስከዚያው ድረስ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ወንጌል ሲሰማ ስለሰነበተ አርባ ሁለት ነፍስ አመነ።

የቡድኑ መሪ ሽማግሌ አጵሎስ ናቸው፤ በጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር፣ ማይክ ከያዙ የማይለቁ። እንደተመለሱ መድረክ ላይ ወጡና “ጸለይን፤ እግዚአብሔር አይሱዙ ላከልን፤ አይሱዙውም የጠፋውን ሾፌራችንን ከመንገድ ለቅሞ አመጣልን” ብለው መሰከሩ። ምእመኑ እልልታውን አቀለጠው። ከዚያ ወዲህ ይኼ ምስክርነት ያልተነገረበት ጉባኤ የለም፤ ሽማግሌው ዱራሜ ድረስ ተጋብዘው ተናግረውታል። በተነገረ ቁጥር ደግሞ ጠና ትንሽ ራቅ ብሎ ይጠፋል። በመጨረሻው ምስክርነት ላይማ ሊሞት ሲል ነው የተገኘው።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሰውዬው ከነአካቴው አልጠፋም። ሠላሳ አራት ኪሎ ሜትር በዚያ ፀሐይ፣ በሠርግ ጫማ፣ በእግሩ ሄዶ፣ ሰሊጥ የሚጫንበት ቦታ ደርሶ፣ አሻፈረኝ ያለውን የአይሱዙ ሾፌር ግማሽ ቀን ለምኖ ነው ይዞት የመጣው። የሁለቱ የእግሩ አውራ ጣቶች ጥፍር እዚያው መንገድ ላይ ቀርቷል። ለምን ዝም አለ? አንደኛ ነገር የጠየቀው የለም። ደግሞስ አርባ ሁለት ሰው አምኖ እልል እየተባለ፣ እጅን አውጥቶ “ይቅርታ፣ እኔ ነኝ” ይባላል? አይባልም። በሆዱ ግን እርር ድብን ብሏል።

ዘንድሮ ወደዚያው መንደር ሊመለሱ ሆነ። በዚህኛው ጉዞ ነርስ ተጨመረች። ነርሷም አቢጋኤል ናት፤ የጠና አንድያ ልጅ፣ ከተመረቀች ዓመት ያልሞላት። ጠና ይኼን የሰማ ዕለት ምሳውን ትቶ ተነሣና ወደ ፈትሁዲን መለዋወጫ ሱቅ ገሰገሰ።

“ሁለት ቺንጊያ፣ ሦስት የናፍጣ ፊልትሮ፣ የራዲያተር ቱቦ ከነማሰሪያው፣ የመሪ ጫፍ…” እያለ ሲቆጥርለት ፈትሁዲን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

“ጠና፣ ለምን ሱቄን ከነመደርደሪያው አትጭነውም?”

ጠና የተሰጠውን ቺንጊያ አጠፍ ዘርጋ አደረገና አሸተተው። “ይኼ ጎማ ጎማ አይሸትም። ደህናውን አውጣ። ልጄ ናት የምትሄደው።”

ፈትሁዲን ቀልዱን ተወ። ጓዳ ገብቶ ለራሱ መኪና ያስቀመጠውን አምጥቶ ሰጠው።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ጠና ከመኪናው ሥር አልወጣም። ናፍጣ በጀሪካን ለመቅዳት ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባለና፣ ደብዳቤው እስኪፈረም ሁለት ቀን ከቢሮ ቢሮ ተመላለሰ። ፊልትሮውን ቀየረ፣ መኪና ማንሻውን ክሪክ ግራሶ ቀባ፣ ቡሎኑን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትቶ አሠረ። መለዋወጫውን በአሮጌ መጋረጃ ጠቅልሎ በቆርቆሮ ሣጥን ከተተ፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ ለቅያሪ የሚሆን ሁለት ስኮርት ጎማ ጠፍሮ አሰረ። የቆላ እሾህ አንድ ጎማ ወግቶ እንደማይጠግብ ያውቃል።

ዐርብ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ አጵሎስ ከተፍ አሉ። ከኋላቸው ሁለት ዘማሪዎች ፍሪጅ የሚያህል የድምፅ ማጉያ፣ ሞንታርቦ፣ ተሸክመው ያቃስታሉ።

“ወንድም ጠና፣ ሁለት ስኮርት ምን ያደርጋል? አንዱን አውርደውና ሞንታርቦው ይታሰርበት።”

“ጋሼ፣ እሱ መንገድ አንድ አይበቃውም።”

ሽማግሌው ሣጥኑን ከፍተው አጎንብሰው አዩ። “ቺንጊያም ሁለት። እስቲ ልጠይቅህ፣ ያኔ ቺንጊያ ቢኖረን እዚያች መንደር እንቆም ነበር? አርባ ሁለት ሰው ያምን ነበር? በእምነት ሄደን ያየነውን አይተናል። ዛሬ በቆርቆሮ ሣጥን እንታመን ነው የምትለው?”

ጠና በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለሽማግሌ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ዞር ሲል አቢጋኤል በረንዳው ላይ መድኃኒት በካርቶን ትደረድራለች። ያን ግራርና እሷን አንድ ላይ አሰባቸው። መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ጫማውን ፈታ፣ ካልሲውን አወለቀ።

“ይዩት፣ ጋሼ።”

ሁለቱ ጥፍሮች ተመልሰው የበቀሉት ጠማማ ሆነው ነበር።

“አይሱዙው በራሱ አልመጣም። ሠላሳ አራት ኪሎ ሜትር በእግሬ ሄጄ እኔ ነኝ ያመጣሁት። አልጠፋሁም። ሾፌር ከሆንኩ ጀምሮ አንድም ቀን ጠፍቼ አላውቅም።”

ዘማሪዎቹ ሞንታርቦውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። አቢጋኤል የያዘችውን ካርቶን እንደያዘች ቀረች።

“ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልክ?” አሉ ሽማግሌው።

“ሲናገሩት ደስ ይልዎት ነበር።”

ሽማግሌው የመጨረሻውን ቃል ለሰው ትተው የሚሄዱ ሰው አይደሉም። “ታዲያ እግዚአብሔር በእግርህ አልተጠቀመም ነው የምትለው?”

“ኧረ ተጠቅሟል። አሁን ግን ስድሳ ሊሞላኝ ነው፣ ጋሼ። በጎማው ይጠቀም።”

አንደኛው ዘማሪ ሳቁን በሳል ለወጠው። ሽማግሌው የጠናን ጣት እንደገና አዩት፣ ጎማዎቹን አዩ፣ ካርቶን ታቅፋ የቆመችውን ልጅ አዩ። ከዚያ “ሞንታርቦውን መልሱት” ብለው ወጡ።

ሄዱ። በአራተኛው ቀን ከመንደሩ ሲመለሱ፣ ከግራሩ ብዙም ሳይርቁ፣ እሾህ የኋላውን ጎማ ወጋው፤ ጠና ቀየረው። አንድ ሰዓት ሳይነዱ የፊተኛው ተነፈሰ። ሽማግሌ አጵሎስ በልማድ ወርደው ጸሎት ጀመሩ፤ አቢጋኤል ቡሎን እያቀበለችው አባቷ ሁለተኛውን ስኮርት አስገባ። ሽማግሌው አሜን ሳይሉ ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። እሳቸውም እየሮጡ መኪናው ውስጥ ገቡ።

በመጣው እሑድ እንደተለመደው ማይክ ተሰጣቸው። አዳራሹ ሞልቷል፤ ሰው ሁሉ ለእልልታ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

“ሄድን” አሉ። “ሁለት ጎማ ተነፈሰ፤ ጠና ቀየረ። ተመለስን።” ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ያኔም አልጠፋም። በእግሩ ሄዶ አይሱዙውን ያመጣልን እሱ ነው።” ማይኩን ሰጥተው ተቀመጡ።

ምእመኑ ተአምሩ የቱ ጋ እንደሆነ ስላልገባው እልል ሳይል ቀረ። ከኋላ ወንበር አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ “አሜን” አለ። ጠና ነበር።