የታመመው ቀለሃ

ልጅ ሳለሁ በየምሽቱ የሚጀመር፣ ግን ጨርሶ የማያልቅ ተረት ይነገረኝ ነበር። ተረት ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም፤ ተራኪው በገዛ ዓይናቸው ያዩትን ስለሚያወሩ ታሪክ ማለት ይሻላል። እኔና ታናሽ እኅቴ ጽጌ ግን ያኔ ልዩነቱን አናውቅም። የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጎሹ ከሸንበቆው ብቅ ብሎ አንገቱን በደፋበት፣ ተራኪው አባባ ኦጁሉም ጠመንጃቸውን ወደ ትከሻቸው ባነሡበት ቦታ ላይ ወሬው ይቆረጣል።

የሚቆርጠው ጥይት ነበር። ጥይት ስል ተሳሳትኩ፤ ቀለሃ ማለት ይገባኛል፣ ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ባዶ ነሐስ።

አባባ ኦጁሉ በጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር፣ አጥር የምንጋራቸው አኙዋ ጎረቤታችን ነበሩ። በወጣትነታቸው ለአደን የሚመጡ የውጭ አገር ሰዎችን እየመሩ ዱር ለዱር ሲዞሩ ኖረው፣ ከነዚያ አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ የአደን ጠመንጃውን፣ ባሩድና አረር ከሞላበት የቆርቆሮ ሳጥን ጋር ትቶላቸው ሄዷል። ጋምቤላ ገና ክልል በተባለችበት በዚያ ሰሞን የክላሽ ጥይት የቸገረው ሰው አልነበረም፤ የእርሳቸው ጠመንጃ የሚጎርሰው ጥይት ግን የትም አይገኝም። ስለዚህ የተኮሱበትን ቀለሃ ለቅመው፣ አጥበው፣ መልሰው ይሞሉት ነበር።

በዚያ ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ አይ፣ በቆሎው እሸት ይዞ ስለነበር ጥር መሆን አለበት፣ አንድ ጉማሬ ከባሮ እየወጣ ማሳ መጋጥ ጀመረ። እናቴ ወንዙ ሸሽቶ በተወው ደለል ላይ የዘራችው በቆሎ ነበራት። አባቴ በክሊኒክ ድሬሰር ቢሆንም ደመወዙ ያኔ ሲመጣም ሲቀርም ስለነበር፣ ያ በቆሎ የቤታችን የወራት ቀለብ ነው። ጉማሬው የጎረቤቶቻችንን ማሳ ጨርሶ ወደ እኛ ሲቃረብ፣ አባባ ኦጁሉ እገድለዋለሁ አሉ። ነገር ግን ከልባቸው የሚያምኗቸው ሁለት ጥይቶች ካልያዙ ከደጃቸው ንቅንቅ አይሉም። «አንዱ እሱ እንዲሞት፣ አንዱ እኔ እንድመለስ» ይሉ ነበር።

አንዱ ተገኝቷል። ያ ሁሉ ምሽት የነጎደው ሁለተኛውን ለመምረጥ ነው።

ለወባ ትንኝ ብለው ፍም ላይ እርጥብ ሣር ጣል ስለሚያደርጉ ጭሱ ያስለቅሰናል። ቀለሃዎቹን በሰሌን ላይ ዘርግተው አንዱን ያነሡና ወደ ፋኖሱ አስጠግተው አንገቱን ያገላብጣሉ፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካዩ ይጥሉታል። ቀጥሎ ጫፏ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጡ አስገብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግርጌውን ይዳብሳሉ፤ ነሐሱ የሳሳበት ቦታ ካለ የምትነግራቸው ሽቦዋ ናት። አረሩም፣ ቀለሃው አፍ ላይ የሚገጠመው የጥይቱ ራስ፣ እንዲሁ ነበር፦ አፍንጫው እርሳስ የሆነው ለድኩላ እንጂ ለጉማሬ አይሆንም፣ ቆዳው ላይ ይፈርሳል፤ እስከ ጫፉ መዳብ የለበሰውም ቢሆን በቀለሃው አፍ ላይ ልክክ ካላለ ተመልሶ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል።

«ከዚያ ጎሹ አየኝ» ይላሉ ይህን እያደረጉ። «እኔም አየሁት። ቅርብ ነው፤ ትንፋሹ ይሸተኛል። ጠመንጃ አነሣሁ…»

ሽቦዋ ትቆማለች።

«ከዚያስ?» ትላለች ጽጌ።

«ቆይ ልጅ። ይሄ ቀለሃ ታሟል።»

አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ ስለነበር ይሁን በሌላ ምክንያት እንጃ፣ «ተበላሽቷል» አይሉም፤ «ታሟል» ነው የሚሉት። አባቴ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ «ከታመመ ነገ ክሊኒክ ይምጣ፣ ካርድ አወጣለታለሁ!» ይላቸዋል። እናቴ ግን አትሥቅም።

«እርስዎ ቀለሃ ሲያስታምሙ አውሬው ሊጨርሰኝ ነው እኮ!»

«የጽጌ እናት፣ ቀስ። ጉማሬው አልቸኮለም፤ አንቺ ለምን ትቸኩያለሽ?»

«እሱማ ምን ያስቸኩለዋል፣ የቀረው ማሳ ሁሉ የኔ ሆኖለት!»

በዚህ መካከል ዲማ ወርቅ ሲቆፍር የከረመው አጎቴ ደምሴ ሊጠይቀን መጣ። ነገሩን ሰምቶ አንድ ምሽት አብሮን ተቀመጠና ከተጣሉት ቀለሃዎች መካከል ደህና የመሰለውን አነሣ።

«አባባ፣ ይሄ ምን አለው?»

«ታሟል።»

«የቱ ጋ?»

«ሽቦው ነገረኝ።»

አጎቴ ሽቦዋን ተቀብሎ ደጋግሞ ዳበሰ። «ለእኔ ምንም አልነገረችኝም!» አባቴም ተጠርቶ መጥቶ ዳበሰና ጤነኛ ነው አለ።

«እንግዲያው ይሰንጠቅና ውስጡ ይታይ!» አለ አጎቴ።

«ከተሰነጠቀ ሞተ» አሉ አባባ ኦጁሉ።

«እርስዎ እንደሆነ ቀድመው ቀብረውታል! ምን ይቀርብዎታል?»

ሽማግሌው የብረት መጋዝ አመጡ። ያ ድምፅ ጥርሴን ያጠርሰው ነበር። ቀለሃው ለሁለት ተከፍሎ ፋኖሱ ሲጠጋ ውስጡ ልሙጥ፣ አንዲት የሳሳች መስመር እንኳ የሌለበት ነበር።

«ሕመምተኛው ጤነኛ ነበር» አለ አባቴ። «ነፍሱን ይማር።»

ሽማግሌው ትክክል ነበሩ ብዬ ብጽፍ ታሪኩ ባማረ። አልነበሩም፤ ተሳስተዋል። ሁለተኛው ጥይት ሊሆን የሚችለው ያ ቀለሃ ነበር፤ አሁን ሁለት ግማሽ ሆኖ ሰሌኑ ላይ ተጋድሟል። እናቴ መጀመሪያ ወንድሟን፣ ቀጥላ ሽማግሌውን ተመለከተች። «አንተ ካላየሁ አላምንም ትላለህ፤ እርስዎ ደግሞ አይተውም አያምኑ። እኔን በመካከል ማን አየኝ?» ብላ ገባች።

በማግሥቱ ጠዋት ማሳው ተረጋግጦ መንገድ መስሎ ነበር። የእንስሳው ዱካ በጭቃው ላይ ድስት ድስት ያክላል። የቀረው ጥቂት አገዳ ነው፤ እሱም ተኝቷል።

ያን ምሽት አባባ ኦጁሉ ቀለሃ አልነኩም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሳንለምናቸው ወሬውን ጀመሩት፤ ያለማቋረጥም ጨረሱት።

«ጎሹ አየኝ። ጠመንጃ አነሣሁ። ከዚያ አሰብኩ፦ ውስጥ ያለው ጥይት ደህና ነው? አላውቅም። አወረድኩት። ጎሹ ቆመ፣ ቆመ፣ ዞሮ ሄደ።»

«ይኼው ነው?» አለች ጽጌ፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«ይኼው ነው። እሱ ሄደ፤ እኔም ተቀምጬ ለእናንተ አወራለሁ።»

ልትወስደን መጥታ ከኋላችን የቆመችው እናቴ «የኔም በቆሎ ሄደ» አለች። «እኔ ለማን ላውራ?»

አባባ ኦጁሉ ፋኖሱን አንሥተው እስከ አጥሩ ሸኙን።

መምህር ሆኜ ወደ ጋምቤላ በተመለስኩበት ዓመት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ፤ ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ዕድሜ ልካቸውን ባሩድ ሲነኩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኩዮቻቸው ከሆኑት አዳኞች አንዱ አንድ ዓይኑን፣ ሌላው አውራ ጣቱን በፈነዳ ቀለሃ አጥቷል። የእርሳቸው ግን ዐሥሩም ጣቶች፣ የተጨማደዱ ቢሆኑም፣ ሙሉ ነበሩ። በአንድ ጤነኛ ቀለሃ ላይ መሳሳታቸውንና እነዚያን ጣቶች በአንድ ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ ብዙ ሞክሬአለሁ፤ አሁንም ጊዜ ባገኘሁ ቁጥር እሞክራለሁ፣ ሚዛኑ ግን አንድ ቀን ወዲህ፣ አንድ ቀን ወዲያ ይላል።

ያን ቀን ወደ ቤት እንደተመለስኩ ስለ ጣቶቻቸው ለእናቴ ነገርኳት። በሚገባ አዳመጠችኝ።

«የኔም ጣት ሙሉ ነው» አለችኝ፤ «የጎደለው በቆሎው ነው።»