የጋሽ እንድሪስ መልስ ልክ ነበር

ጠዋት ባስ ላይ ሆኜ ስልኬን ስከፍት «ጋሽ እንድሪስ አረፉ» ይላል። ሌላ እንድሪስ ይሆናል ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ፎቶውን ሳይ እሳቸው ናቸው። አሁንም አላመንኩም።

እናንተ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ግሩፕ ላይ ስለ ደግነታቸው ትጽፋላችሁ። እኔ የምጽፈው ስለ ጥፋቴ ነው።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ እንድሪስ ደሴ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። እዚህ ስደት አገር ግን ፓርክ ሮያል የሚባል ሰፈር ዳቦ ፋብሪካ ነበር የሚሠሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሺፍት መልስ ሆሎዌይ እኛ ቤት እየመጡ ልጄን ሂክማን ያስጠኗት ነበር፣ እንዲያው ለአላህ ብለው።

አንድ ቀን የሲሊንደር የገጽ ስፋት ሊያስረዷት የቲማቲም ቆርቆሮዬን አነሱና ወረቀቱን ልጠው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። «ይኸው፣ ጎኑ አራት ማዕዘን ነው። የላይና የታች ሁለት ክብ ጨምሪበት፣ አለቀ» አሏት።

ሒሳቡ ሲረዝምባት ደግሞ የሚሏት ነገር አለች። «የጋራውን ወደ ውጭ አውጪ፣ የቀረው ቅንፍ ውስጥ ይረፍ።»

እንደዚያ እያሉ 2πr(r + h) ላይ አደረሷት። እኔ ከመጽሐፉ ጀርባ መልሱን ቼክ ሳደርግ 2πr² + 2πrh ይላል። ሒሳብ ካየሁ ስንት ዘመኔ፣ አፌ ግን አያርፍም። ልጄ ፊት «ጋሼ፣ ተሳስተዋል። የእርስዎ ዘመን ሒሳብ እዚህ አይሠራም፤ ከእንግዲህ አይድከሙ» አልኳቸው።

እስክሪብቶ አንስተው ሊያሳዩኝ ነበር። ከዚያ ሂክማን አየት አደረጉና መልሰው አስቀመጡት። «እሺ ልጄ፣ ይሁን» ብለው ጃኬታቸውን ለበሱ።

ሰኞ ሂክማ ከትምህርት ቤት መጥታ «ማሚ፣ ሁለቱም እኮ ሴም ናቸው። ጋሼ ሲምፕሊፋይ አድርገውት ነው» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በአንድ መስመር ሊያሳፍሩኝ ይችሉ ነበር። ልጄ ፊት እንዳልዋረድ ብለው ነው የተዉት።

አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። ዛሬ ነገ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው ጁምዓ ኪልበርን መንገድ ላይ ሳያቸው እንኳን ፊቴን ወደ ሱቅ መስታወት አዞርኩ። አይተውኝ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ጋሽ እንድሪስ፣ ያዋረድኩዎት በልጄ ፊት ነው፤ ይቅርታውንም በሰው ፊት ልበል ብዬ ነው እዚህ የጻፍኩት። ልክ ነበሩ። እኔ ነኝ ያላወቅኩት። አፉ ይበሉኝ። አላህ ቀብርዎን ሰፊና ብሩህ ያድርግልዎት። የሚሰሙኝ ጊዜ ነበር፤ ያኔ ዝም አልኩ።