መዝጊያው ያልተመታ ነጋሪት

ይህ የሆነው ጣልያን አገራችንን ይዞ በነበረበት ጊዜ ነው። ከገባ ሁለት ክረምት አልፎ፣ ጤፉ ለአጨዳ ደርሶ ነበር። ፊደል ስላልቆጠርኩ እኔ እያወራሁ የልጅ ልጄ ይጽፍልኛል። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የእናቴን ድምፅ እንኳ ረስቻለሁ። ያን ጊዜ የሰማሁት ነጋሪት ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ስላማረ ብቻ አይደለም። የሰማሁትን ተናግሬ የሚያምነኝ ስላጣሁ ነው።

የተወለድኩት መርሐቤቴ፣ ከወንጪት ገደል አፋፍ ላይ ነው። አባቴ ነጋሪት መቺ ነበር። ከጦርነቱ በፊት የአገራችን ገዥ ነጋሪቶች ነበሯቸው። አዋጅ ሲታወጅ፣ ዘመቻ ሲጠራ፣ ትልቅ ሰው ሲሞት ይጎሰማሉ። መቺዎቹ የእኛው መንደር ገበሬዎች ናቸው። መሪያቸው አያ ጥላዬ የሚባሉ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ትልቁን ነጋሪት የሚመቱት እሳቸው ነበሩ። አባቴ ከትንንሾቹ አንዱን ይመታ ነበር።

የዛሬ ልጆች ነጋሪት ሲባል ዝም ብሎ ቆዳ መደብደብ ይመስላቸዋል። አያ ጥላዬ በትልቁ ይጠራሉ። መካከለኞቹ ተራ በተራ ይመልሱላቸዋል። ትንንሾቹ ከሥር ከሥር ሳያቋርጡ ይሮጣሉ። ለዘመቻ ሲሆን ይፈጥናል፤ ለምሕረት አዋጅ ሲሆን ዝግ ይላል። አንዱ ሌላውን አይጫንም፣ አይቀድምም። አያ ጥላዬ በአፋቸው አያዙም፤ ትከሻቸውን አንዴ ነቅነቅ ካደረጉ ሁሉም ያውቃል።

ከዚያ ድንገት ሁሉም ጸጥ ይላሉ። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ገበያው ሁሉ አብሯቸው ትንፋሹን ይይዛል። ቀጥሎ ሁሉም እኩል፣ እንደ አንድ ሰው ክንድ፣ አንዴ ይመታሉ። መዝጊያው እሱ ነው። መዝጊያው ካልተመታ አዋጁ እንደታወጀ አይቆጠርም። ያገሬ ትልልቅ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ ወጣቱ ግን ልብ ብሎ አይሰማውም።

አባቴ ከእርሻ ሲመለስ ቁና ገልብጦ ይለማመድ ነበር። እኔ አጠገቡ ባቄላ እፈለፍላለሁ። «መምታቱን ማንም ይለምደዋል። የሚያስቸግረው ከሰው ጋር እኩል ማቆሙ ነው» ይለኝ ነበር። ጦርነቱን ሳያይ ሞተ። ገዥያችን ዘምተው በዚያው ቀሩ። ነጋሪቶቹም ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ገብተው ተቀመጡ።

እኔ ተሰማን አግብቼ አንድ ወንድ ልጅ ወልጄ ነበር። ተሰማ ጣልያን ሲገባ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ወንጪት ቆላ ወረደ። እዚያ ከአርበኞቹ ጋር ሆነ። እኔ ልጄን ለእናቴ እየተውኩ ስንቅ አወርድላቸው ነበር። ደገኛ ለቆላ አልተፈጠረም። የወባ ንዳድ ፈጃቸው። በዚያ መኸር የደረስኩበት ተሰማ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ቀበቶው ሁለቴ የሚዞረው ሰው ነበር።

ጣልያን ከገበያው በላይ ምሽግ ሠርቶ ነበር። «ጠመንጃውን ይዞ የገባ ምሕረት ተደርጎለታል» የሚል ወረቀት ከአውሮፕላን ቢበትንም ማንም አላመነውም። ከዚያ አስተርጓሚው፣ ያገራችን ሰው ነው፣ አዛዡን መከረው። ሕዝቡ ወረቀት አያምንም፤ ነጋሪት ከሰማ ግን ይመጣል አለው። ነጋሪቶቹን ከዕቃ ቤት አስወጡ። በሕይወት ያሉትን መቺዎች ሰበሰቡ። ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ምሽግ ውስጥ አስገብተው ቆለፉባቸው። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

በገበያው ዋዜማ ስንቅ ይዤ ቆላ ነበርኩ። ከቀትር በፊት ነው። ተሰማና ጓደኞቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው በሶ ሲበጠብጡ ከአፋፉ ላይ ነጋሪት ተጎሰመ።

ሁሉም ተነሡ። ገዥያችን ከዘመቱ ወዲህ ያን ድምፅ የሰማ አልነበረም። ገደሉ እየተቀበለ ይመልሰዋል። አንዱ ሽማግሌ አርበኛ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ተሰማ ክንዴን ያዘኝ።

«የምሕረት ነው» አለኝ። «ሰማሽ አስካለ? የምሕረት አዋጅ ነው!»

«ቆይ፣ ይጨርሱ» አልኩት።

ጸጥታው ላይ ደረሱ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። መዝጊያው አልመጣም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ደርሰው ጸጥ አሉ፤ አሁንም መዝጊያው የለም። ሦስተኛም እንደዚያው ሆነ።

«መዝጊያውን እየተዉት ነው» አልኩ። «አዋጁ ውሸት ነው እያሉን ነው። አትምጡ ነው የሚሉት።»

ተሰማ ሳቀ። «የነጋሪት መቺ ልጅ ስለሆንሽ አንቺም መቺ ሆንሽ? ሽማግሌዎች ናቸው እኮ! ከነኩት ስንት ጊዜያቸው ነው? ጠመንጃ ተደግኖባቸው እጃቸው ባይታዘዝላቸው ምን ይገርማል?»

«እጅ ባይታዘዝማ አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ ይሰማ ነበር» አልኩት። «እነዚህ እኩል ነው ያቆሙት። ሁሉም፣ ሦስቴ። እንዲህ ተስማምቶ የሚሳሳት የለም።»

የአርበኞቹ አለቃ ክርክራችንን ሰምቶ ጠራኝ። «እስኪ አሳዪኝ» አለኝ። የውሃ ቅሌን ገልብጬ በጣቶቼ እየመታሁ አሳየሁት። መዝጊያው የት መምጣት እንደነበረበት ነገርኩት። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ «የሚሄድ ይሂድ፤ አልከለክልም። እኔ አልሄድም» አለ። ጥቂቶች አብረውት ቀሩ። የታመሙትና ልጅ ያላቸው መሄዱን መረጡ።

ተሰማን ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ። አልተቆጣኝም።

«ደክሞኛል አስካለ» አለኝ። «ይኸ ንዳድ ጨርሶኛል። እዚህም ብቀር መሞቴ ነው። ጤፌን ልጨድ። ልጄን ልየው።»

ገደሉን አብሬው ወጣሁ። በየቦታው እያረፈ፣ እኔ ጠመንጃውን እየተሸከምኩለት ወጣን።

በማግስቱ ገበያው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አዛዡ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አስተርጓሚው አጠገቡ ቆሟል። ከቆላ የወጡት ሰዎች አንድ በአንድ ጠመንጃቸውን እያስቀመጡ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ተሰማም አስቀመጠ። ነጋሪቶቹ በተርታ ተደርድረዋል። ከኋላቸው ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች አሉ። አያ ጥላዬ የተቀመጡትን ሰዎች ብዛት ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። መምቻቸውን ግን አነሡ።

እውነቱን ልናገር። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማቸው እንደዚያ ቀን አሳምረው መትተው አያውቁም። አንድ ምት አልተዛነፈም። ትልቁ ሲጠራ መካከለኞቹ ቃሉን ከአፉ እንደሚቀበሉ ሆነው ይመልሳሉ። የትንንሾቹ ሩጫ እንደ ዝናብ ነው፤ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። ያን ያህል ለምን እንደተጠነቀቁ ገባኝ። ሌላ ቦታ ትንሽ ቢሳሳቱ፣ መዝጊያው ሲጎድል ሰው ያንንም ስሕተት ነው ይለዋል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ያለ እንከን መምታት ነበረባቸው። ከኋላቸው አፈሙዝ፣ ልጆቻቸው እስር ቤት፣ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም።

ጸጥታው ላይ ሲደርሱ አያ ጥላዬ ክንዳቸውን ወደ ላይ እንዳነሡ ቀሩ። ሁሉም እንዳነሡ ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው አወረዱት።

አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ከሕዝቡ መሃል ሹልክ ብለው ወጡ። ሁለት ሦስት ሰዎችም ጠመንጃቸውን በጋቢያቸው እንደሸፈኑ ወደ መጡበት ተመለሱ። አዛዡ ግን እያጨበጨበ ነበር። በጣም ደስ እንዳለው አስተርጓሚው ነገረን።

በሰው መሃል ተጋፍቼ ተሰማ ዘንድ ደረስኩና እጅጌውን ያዝኩ። «አሁንስ ሰማህ?» አልኩት።

«ዝም በይ አስካለ፤ ታስጨርሺናለሽ» አለኝ።

ለእኔ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

ጨውና ዱቄት ይታደላችኋል ተብለው ወደ ምሽጉ ገቡ። በሩ ተዘጋ። እኛ ሴቶቹ ውጭ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ከምሽጉ ጀርባ መትረየስ ተንጣጣ። ብዙም አልቆየ። ሬሳቸውን የሰጡን ከለመንን በኋላ ነው። ተሰማን በቀበቶው ለየሁት።

ከዓመታት በኋላ ጣልያን ወጣ። አርበኞቹ ገቡ። ቆላ የቀረው የአርበኞቹ አለቃ ቀኛዝማች ተባለ። ከነጋሪት መቺዎቹ በመንደራችን የቀሩት አያ ጥላዬ ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ ገሚሱ ሞተዋል፣ ገሚሱ ወደ ግሼ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሸሽተዋል። አያ ጥላዬን ሕዝቡ ባንዳ አላቸው። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ምድር ላይ ይተፉ ነበር።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው አስጠሯቸው። ቀኛዝማችም ነበር። እኔ ሳልጠራ ሄጄ ቆምኩ። የሰማሁትን ሁሉ ተናገርኩ። መዝጊያው ሦስቴ እንደቀረ፣ በገበያውም እንደቀረ፣ ቀኛዝማችም በቅል መትቼ ካሳየሁት በኋላ ቆላ እንደቀረ ተናገርኩ።

ሽማግሌዎቹ ወደ እሱ ዞሩ። እሱ ወደ እኔ አልተመለከተም።

«ሴትዮዋን ሐዘን ጎድቷታል» አለ። «እኔ የቀረሁት ጣልያንን ስለማውቀው ነው። በሴት ወሬ አይደለም።»

አያ ጥላዬን ጠየቋቸው። «የምናገረው የለኝም» አሉ። ከማኅበርም ከሰንበቴም ይውጡ ተብሎ ተፈረደባቸው።

ቤታቸው ድረስ ተከትያቸው ሄድኩ።

«ለምን ዝም አሉ? እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ፤ የአባትሽ ልጅ ነሽ» አሉኝ።

«እንዲያውም ሕይወት አትርፈዋል። ሰው ይህን ማወቅ የለበትም?»

መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«በእነዚያ ሴቶች ፊት ምን ልበል? እኔ ነግሬያቸው ነበር፣ ባሎቻችሁ ናቸው ያልሰሙት ልበል? ሙታኑን ልክሰስ? ይልቅ እኔን ይስደቡኝ። እኔ አለሁ፤ እችለዋለሁ። አንቺም ተይው ልጄ።»

አልተውኩትም። በየሰርጉ፣ በየለቅሶው ተናገርኩ። ሰው እያዘነልኝ ይሰማኛል፤ አያምነኝም። ነጋሪት ማዳመጥ የሚያውቁት አንድ በአንድ አለቁ። አያ ጥላዬ ሲሞቱ ሬሳቸውን የተሸከሙት የገዛ ልጆቻቸውና አንድ ቄስ ናቸው። ቀኛዝማች የሞተ ዕለት ግን ገደሉ እስኪያስተጋባ ጥይት ተተኩሶለታል። እስከ ዛሬ የአያ ጥላዬ የልጅ ልጆች ገበያ ሲወጡ «የባንዳ ዘር» የሚላቸው አለ።

ይህ ሁሉ ያንገበግበኛል። ለማንም ነግሬ የማላውቀው ግን ሌላ ነው። ጣልያንን እጠላለሁ፤ ቀኛዝማችንም ይቅር አላልኩትም። ከሁለቱም በላይ የተቆጣሁት በተሰማ ነው። እግሩ ላይ ወድቄለት ነበር። ልጁን አሳደግኩለት፣ ሌላ ባል አላገባሁም፣ በየዓመቱ ለነፍሱ ነዳያን አበላለሁ። አንድም ቀን ግን ሳልቆጣው ጸልዬለት አላውቅም።

ይህን ስናገር የልጅ ልጄ መጻፉን አቁሞ አየኝ። ተሰማ አያቱ ነው።

«ጻፈው» አልኩት።